ጥቁር ካባ የለበሰችው

መስከረም 13

ፍርድ ቤት አሁንም ዝግ ነው። ቢሮ ዋልኩ። የዳኞች እረፍት ለጠበቃ እረፍት አይደለም... ጥቅምት ላይ የሚከፈተው ክስ ሁሉ አሁን ነው የሚጻፈው። ሆሳዕና ውስጥ በቦታ ወይ በቤት ያልተካሰሰ ሰው የቀረ አይመስለኝም። ከተማው በሰፋ ቁጥር ወንድም ወንድሙን ይከሳል። ይክሰስ። እንጀራዬ ነው።

ከሰዓት አንድ ሰውዬ ከሾኔ መጣ። ያገሬ ሰው። ከአማቹ ጋር በሽርክና ወፍጮ ቤት ነበራቸው፣ አማቹ ማሽኑን ነቅሎ ወሰደበት። እያወራ አለቀሰ። እዚህ አታልቅስ፣ እንባህን ለችሎት አስቀምጠው፣ እዚያ ይጠቅምሃል አልኩት። ደንገጥ አለ። ከዚያ ዓይኑን ጠርጎ እሺ አለ። ጥሩ ደንበኛ ይወጣዋል።

ቀኑን ሙሉ የምጽፈው ለሌላ ሰው ነው። ይሄ ብቻ የኔ ነው። ማንም አያነበውም።

መስከረም 18

ለያሆዴ፣ ለሀዲያ ዘመን መለወጫ፣ ልጠይቃት እማማ አበራሽ ጋ ሄድኩ። ጎፈር ሜዳ፣ ያው የድሮው ቤት። ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ከሾኔ ስመጣ ጓሮዋ ያለችውን ክፍል ነበር የተከራየሁት። ተከራይ ብሆንም ምሳዬን ከነሱ ጋር ነበር የምበላው። ለሰው ስታስተዋውቀኝ "ልጄ ናት" ነበር የምትለው።

የበዓሉን ምግብ አታካና፣ ቡላ በቅቤ፣ አቀረበችልኝ። በላሁ። ትንሽ ቆይታ ሌላ ሳህን ይዛ መጣች። "መቼ መጣሽ ርብቃዬ?" አለች። የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ። እናትሽ ደህና ናት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እናቴ ከሞተች ቆየች እኮ። ቀብሯ ላይ እማማ ራሷ ነበረች። ሞታለች አልኳት። አለቀሰች፣ ዛሬ እንደሰማች ሁሉ። ቡናው ሳይወርድ እንደገና ጠየቀችኝ። ያኔ ደህና ናት አልኳት።

አማርኛዋም እየጠፋ ነው። ድሮ አቀላጥፋ ነበር የምትናገረው፣ ቀበሌ ሄዳ የምትከራከር ሴት ነበረች። አሁን ትጀምርና መሃል ላይ ቃሉ ይጠፋታል፣ ወደ ሀዲይሳ ትዞራለች። በሀዲይሳ ግን ብዙም አትሳሳትም። ሁሉንም ታወራለች።

ልጇ ፍሬው በር ድረስ ሸኘኝ። ዶዮገና ነው የሚያስተምረው፣ ለበዓሉ መጥቶ ነው። አንድ ልጇ እሱ ነው። "እየረሳች ነው፣ ሰው አይወቅባት" አለኝ። "ላንቺ ነው የነገርኩሽ። ቤተሰብ ስለሆንሽ።"

እሺ አልኩት።

ጥቅምት 5

አቶ ጴጥሮስ ቢሮዬ መጣ። እህል ነጋዴው። አሁን ደግሞ ሕንጻ ይሠራል። ቤተክርስቲያን ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ ነው። እህት ርብቃ እህት ርብቃ ይለኛል። የዚህን ሰውዬ ጉዳዮች በሙሉ ከያዝኩ ሌላ ደንበኛ አልፈልግም... ዱራሜ ቦታ አለው፣ ሾኔ መጋዘን አለው፣ የሌለው ቦታ የለም።

ጉዳዩን ሲናገር የማን ቤት እንደሆነ ወዲያው አላወቅሁም። ከባሏ ሞት በኋላ ካርታው በስሟ የዞረላት መበለት ቤቷን ሸጠችለት። ውሉ በሚገባ ተመዝግቧል። አሁን ልቀቂ ሲላት የፈረምኩት የኪራይ ነው አለች። ፊት ለፊት ያሉትን ክፍሎች መጋዘን አድርጎ ስለሚጠቀምባቸው እሷ እንዳከራየችው ነው የምታወራው። ቤቱ የት ነው አልኩት። ጎፈር ሜዳ። ስሟስ? አበራሽ።

እስኪርቢቶዬን አስቀመጥኩ። አነሳሁት።

አቶ ጴጥሮስ፣ እኔ ጠበቃዎ ልሆን ከሆነ እውነቱን ይንገሩኝ አልኩት። አላፈረም። "ስትፈርም ኪራይ መስሏት ነበር። እኔም አላረምኳትም" አለ። ፈገግ እንኳ አላለም። ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው።

የደንበኛ ምስጢር ነው። አውጥቼ ለማንም መናገር አልችልም። ሕጉ ይከለክላል። እምቢ ማለት ግን እችላለሁ... ነገ መልስ እሰጥዎታለሁ አልኩት።

ጥቅምት 6

ተቀበልኩ።

ኅዳር 10

ክሱ ለእማማ ደርሷታል። ፍሬው ከዶዮገና በጠዋት ተነስቶ መጣ። አልተቀመጠም። ክሱ ላይ ስምሽን ሳይ የሌላ ርብቃ መሰለኝ አለኝ። ሥራዬ ነው አልኩት። እኔ ባልይዘው ሌላው ይይዘዋል አልኩት። ይሄን ስንት ሰው ብሏል? እኔም አልኩት።

ያሆዴ ዕለት ያየሁትን እንዳልናገር ለመነኝ። ሰው ከሰማ እሱ ያፍራል... እሷም ታፍራለች... ለሷ ሞቷ ነው። ስለ ቤቱ አይደለም የለመነኝ። ስለሱ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ እሱ እያወራ ሌላ ነገር ነበር የማስበው። ውሉ የተፈረመ ዕለት ምን እንደተባለች መናገር የምትችለው ራሷ ብቻ ናት። ሌላ ምስክር የላትም። ፍርድ ቤት ቀርባ ቃሏን ከሰጠች...

ጠበቃ ያዝ አልኩት። ይዣለሁ አለ። ነህምያን። ገና ትናንት ፈቃድ ያወጣ ልጅ። ደስ አለኝ። እንዴት ደስ ይለኛል? ግን ደስ አለኝ።

ታኅሣሥ 16

ዛሬ ነበር።

ነጭ ነጠላ ለብሳ መጣች። ፍሬው ክንዷን ይዟት። ነህምያ አስተርጓሚ ይመደብልን፣ በሀዲይሳ ትናገር ብሎ ጠየቀ። ይሄን እየጠበቅሁ ነበር። ተነሳሁ። ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተከሳሿ አማርኛ አቀላጥፈው እንደሚናገሩ በግሌ አውቃለሁ፣ ቀበሌ ድረስ ሄደው የሚከራከሩ ሴት ናቸው፣ ይህ ጊዜ ለማባከን ነው አልኩ። ዳኛው ወደሷ ዞሮ አማርኛ ትችያለሽ እናቴ አላት። ኮራ ብላ "እችላለሁ" አለች። ድሮም ኩሩ ናት። ነህምያ ሊናገር አፉን ከፈተ። ዳኛው አልፏል አለው።

ነህምያ ሲጠይቃት ደህና ነበረች። አጥንተዋል። ኪራይ ነው አሉኝ፣ ፈርሚ አሉኝ፣ ፈረምኩ... እንደ ጥቅስ ነበር የምትለው። ከዚያ ተራው የኔ ሆነ። መስቀለኛ ጥያቄ።

ዕድሜዬን ሙሉ አንቺ ስላት ኖሬ እርስዎ አልኳት። ስለ ውሉ አንድም ነገር አልጠየቅኋትም። አሁን ወሩ ምንድነው አልኳት። ፈለገችው፣ አየኋት ስትፈልገው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ነህምያ ተቃወመ። የተከሳሿ የማስታወስ ችሎታ ለጉዳዩ መሠረት ነው አልኩ። ዳኛው ቀጥይ አለኝ።

ልጅዎ የት ነው ያለው አልኳት። ትምህርት ቤት ነው፣ አሁን ይመጣል አለች። ከኋላዋ ተቀምጦ። ሰው መሳቅ ጀመረ። ፍሬው አንገቱን ደፋ።

"ባለቤትዎስ የት ናቸው?"

"ገበያ ሄዷል።"

ችሎቱ በሳቅ ተሞላ። ዳኛው ጠረጴዛ መታ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። በቂ ነበር እኮ... ጉዳዩ አልቆ ነበር። ማንም የበለጠ አልጠየቀኝም። ግን አንዴ የያዝኩትን መልቀቅ አላውቅበትም። ቀረብ አልኳት፣ የካባዬ ጫፍ እስኪነካት።

"እኔንስ ያውቁኛል?"

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ በራ። የደከመው ሁሉ ከፊቷ ጠፋ።

"ርብቃዬ አይደለሽ? ምሳ በላሽ?" አለች።

ማንም አልሳቀም። ጥያቄዬን ጨርሻለሁ ክቡር ፍርድ ቤት አልኩ። ተቀመጥኩ። ካባዬን ጉልበቴ ላይ ሰበሰብኩት።

አቶ ጴጥሮስ ውጭ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ጌታ ይባርክሽ እህት ርብቃ አለኝ። ምሳ ጋበዘኝ። ሄድኩ። ክትፎ አዘዘ። በላሁ።

ታኅሣሥ 17

ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ባጃጅ ውስጥ ሁለት ሴቶች "ባሏ ገበያ ሄዷል አለች አሉ" እያሉ ሲስቁ ሰማሁ። አፌን በነጠላ ሸፍኜ ወረድኩ።

ጥር 21

ፍርድ ተሰጠ። ተከሳሿ የሰጡት ቃል እምነት የሚጣልበት ስላልሆነ ውሉ በጽሑፍ እንደሰፈረው ይጸናል፣ ቤቱን ያስረክቡ። ከውሳኔው ግማሹ የኔ ቃል ነው፣ ከማጠቃለያ ክርክሬ እንዳለ የተገለበጠ። ድሮ እንዲህ ሲሆን ቤቴ ሄጄ ደግሜ ደግሜ ነበር የማነበው።

ነህምያ ኮሪደር ላይ አገኘኝ። እንኳን ደስ አለዎት አለኝ። ከልቡ ነው። እንዴት እንዲህ እንደሚጠየቅ ያስተምሩኝ አለ።

የካቲት 27

ይግባኝ ብለው ነበር። አያስቀርብም ተብሎ ተዘጋ። አቶ ጴጥሮስ ሁለት ጉዳይ ጨመረልኝ፣ አንዱ ዱራሜ ነው።

መጋቢት 10

ቤቱን ተረከብን።

መሄድ አልነበረብኝም። የአፈጻጸም መኮንን አለ፣ ፖሊስ አለ፣ ጠበቃ አያስፈልግም። አቶ ጴጥሮስ እንድትገኚ እፈልጋለሁ አለኝ፣ እኔም... ለምን እንደሄድኩ እንጃ። ልየው ብዬ ይሆናል። ያሸነፍኩትን ቤት አይቼ አላውቅም። ሁሌ ወረቀት ነው።

ፍሬው ዕቃ እያወጣ ነበር። አልጋ፣ ሣጥን፣ የእንሰት መፋቂያ። እማማ ግቢው መሃል ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የምን ዕቃ ነው የምታወጡት እያለች በሀዲይሳ ትጠይቃለች። ለቀለም ነው፣ ቤቱ ሊቀባ ነው ብሎ ዋሻት። ቀለሙ ምን ዓይነት ነው አለች። ነጭ አላት። ነጭ ይቆሽሻል አለች።

የጴጥሮስ ሠራተኞች ዕቃው ወጥቶ እስኪያልቅ አልጠበቁም። ጣሪያው ላይ ወጥተው ቆርቆሮውን መንቀል ጀመሩ። ፍሬው ገና ውስጥ ነበር። ትንሽ ጠብቁ ብዬ መጮህ እችል ነበር፣ ይሰሙኝ ነበር። አልጮህኩም። ቆርቆሮው ሲወድቅ እማማ ጆሮዋን ያዘች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ካባ የለኝም፣ ሹራብ ነው የለበስኩት።

"መጣሽልኝ" አለች። እጄን ያዘችኝ። "ልጄ ብቻውን ነው፣ አግዥው።"

ፍሬው ትራሶች ታቅፎ ሲወጣ እጇን እጄ ውስጥ አየ። ትራሶቹን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ መጣ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከእጄ አላቀቀ።

ሚያዝያ 8

ከምሳ በኋላ አንድ ባጃጅ ነጂ ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ "እኚህ ሴትዮ ያንቺ ናቸው?" አለኝ። ከኋላው እማማ። ጫማዋ ጭቃ በጭቃ።

ከዶዮገና፣ ከፍሬው ቤት፣ ብቻዋን በሚኒባስ መጥታለች። ጎፈር ሜዳ ሄዳ ቤቱን አጥታዋለች። የለማ። መሠረት ተቆፍሯል። ጉድጓዱ ዳር ቆማ ስታለቅስ ነው ያገኛት። የማን ነሽ ቢላት መናገር አልቻለችም፣ በመጨረሻ ጠበቃ ርብቃ ጋ ውሰደኝ፣ ልጄ ናት አለችው። ስሜን ቢሮዬ በር ላይ ያላየ የለም። ይዟት መጣ። የእናትሽን ሒሳብ ተይው ብሎኝ ሄደ።

ሻይ አስመጣሁላት። በሀዲይሳ ነው የምታወራው፣ ጥርት ያለ ሀዲይሳ። ቤቴን ነጠቁኝ አለች። አንዲት ሴት ናት፣ ጥቁር ካባ የለበሰች። ሰው ፊት አቁማ አሳቀችብኝ። ፊቷን አላውቀውም... ካባዋን ግን አውቀዋለሁ። አንቺ ተምረሻል፣ አፍ አለሽ፣ እሷን ክሰሽልኝ።

ካባዬ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል። ከወንበሯ አይታይም። ተነስቼ በሩን ገፋ አደረግሁት፣ የበለጠ እንዳይታይ።

እከሳታለሁ አልኳት።

ፍሬውን ደወልኩለት። የኔን ስልክ አያነሳም፣ በሌላ ሰው ስልክ ደወልኩ። በተቆጣ ድምፅ ሳይሆን በደከመ ድምፅ መጣሁ አለ። ሲደርስ እጇን ያዛት። እማማ እጇን ነጠቀች። ወደኔ ዞራ፣ "ይሄ ሰውዬ ማነው?" አለችኝ።

ልጅሽ ነው አልኳት። አይደለም አለች። ልጄ ትንሽ ነው፣ ትምህርት ቤት ነው።

ፍሬው ግድግዳውን ነበር የሚያየው።

ሚያዝያ 20

ራሱ ደወለ። ሰላምታ የለም። ከሆሳዕና ከተመለሰች ጀምሮ አልበላም ብላለች አለ። ሚስቱንም እሱንም ታባርራቸዋለች። ርብቃ ትምጣ፣ ርብቃ ከመጣች እበላለሁ ትላለች። ሐኪም ዘንድ ወስዷታል፣ የምትወደው ሰው ያብላት ብለውታል።

ሲተነፍስ ይሰማኛል።

"ሌላ አማራጭ ቢኖረኝ አልደውልልሽም ነበር" አለኝ።

ሚያዝያ 25

ዶዮገና ሄድኩ። ብርድ ነው። የፍሬው ቤት ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ እንሰቱ መሃል ነው፣ የመምህር ቤት፣ ሁለት ክፍል። ሚስቱ በር ከፍታልኝ ወደ ውስጥ ገባች፣ እኔ እስክሄድ አልወጣችም።

እማማ ከስታለች። ቆጮና ጎመን በአይብ በእጄ አጎረስኳት። በላች። እያንዳንዱን ጉርሻ ስትውጥ ታየኛለች። ያቺ ጠበቃ ተከሰሰች ወይ አለች። ተከስሳለች አልኳት። ታስራለች? ትታሰራለች አልኳት። "በርቺልኝ" አለችኝ።

ፍሬው ስወጣ "ቅዳሜም ነይ" አለ። አመሰግናለሁ አላለም። ባለማለቱ ቀለል አለኝ።

አንድ ነገር ልነግረው ነበር። ጴጥሮስ ያን ቀን ቢሮዬ ያለውን። አላረምኳትም ያለውን። ብነግረው ፈቃዴ ይሄዳል። ባልነግረውስ? ሚኒባስ መጣ። ገባሁ።

ግንቦት 12

የዱራሜው ጉዳይ ተሰማ። የጴጥሮስ ቦታ። ተከሳሹ ሽማግሌ ናቸው፣ ከዘራ ይዘዋል፣ አንድ ጆሯቸው አይሰማም። ቃላቸውን ሰጡ። ዳኛዋ መስቀለኛ ጥያቄ አለሽ ወይ አለችኝ።

ነበረኝ። ተዘጋጅቻለሁ። በማይሰማው ጆሯቸው በኩል ቆሜ በቀስታ ልጠይቃቸው ነበር ያሰብኩት፣ ሦስት ጊዜ ምን አልሽ ካሉ ያልቃል። ተነሳሁ። ሽማግሌው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ወደኔ ዘንበል አሉ። በትህትና። ልሰማሽ ነው ዓይነት።

ጥያቄ የለኝም አልኩ። ተሸነፍን ማለት ነው።

ጴጥሮስ መኪናው ውስጥ ሆኖ መስኮቱን ሳያወርድ አየኝ። ማታ በስልክ ጉዳዮቹን በሙሉ ለነህምያ እንደሰጠ ነገረኝ። ልጁ ጎበዝ ነው አለ፣ ካንቺ ተምሯል። እህት አላለኝም።

ግንቦት 23

ዶዮገና። ዝናብ።

እማማ ዛሬ አማርኛ ጨርሶ የላትም። ስሜን ብቻ ነው የምታውቀው። ፍሬው የእጅ መታጠቢያ ውሃ አፈሰሰልኝ፣ ለሷም አፈሰሰላት። ማን እንደሆነ አልጠየቀችውም፣ ለምዳዋለች። ምግብ የሚያመጣው ሰውዬ ትለዋለች።

ነገርኩት። ሳህኑ ሳይቀርብ፣ ቆሜ። ጴጥሮስ ከመጀመሪያው እንደነገረኝ። እኔም ከመጀመሪያው እንደማውቅ። ከፈለግህ ምስክር እሆናለሁ፣ ፈቃዴን ይውሰዱት አልኩት። የውሃውን ማንቆርቆሪያ መሬት ላይ አስቀመጠ። ጥሩ አለ። ጉዳዩ እንደገና ይታይ ይሆናል፣ አይታይም ይሆናል። ቤቱ እንደሆነ የለም። እናቴም የለችም አለ፣ አጠገቧ ቆሞ።

ሳህኑን አቅርቦ በሩ ላይ ቆመ። እማማ ከመብላቷ በፊት ትጸልያለች፣ ይሄን አልረሳችም። ቀኝ እጇን ራሴ ላይ ጫነች። ጌታ ሆይ፣ ይህቺን ልጄን ባርካት አለች በሀዲይሳ። የምትገባበትን ቤት ባርክ። ከፊቷ እንቅፋት አንሳ። እኔ ያጣሁትን ለሷ ስጣት።

አሜን አልኩ። ፍሬው ዝም አለ።

እጇን አላነሳችም። ያቺን ጥቁር ካባ የለበሰችውን ግን ቤት አትስጣት አለች። በእርጅናዋ ስሟን የሚጠራ ሰው አትስጣት። ሰው ፊት እንዳቆመችኝ አቁማት። ልጇም እንዳያውቃት አድርግ።

እጇ ሞቃት ነበር። ፀጉሬን በቀስታ ትዳስሰዋለች።

ፍሬው በሩ ላይ እንደቆመ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አሜን አለ።

እኔም አልኩ።